ቃል ሲያከራክራችሁ ወጣ ብላችሁ ተመልከቱ

“ክብር ማለት ምን ማለት ነው?” ብላችሁ ቤተሰብ መሀል ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ? ወይ ስለ ፍቅር፣ ወይ ስለ ነፃነት? ቡናው ከአቦል ተነስቶ በረካ ይደርሳል፣ ማንም ግን ከያዘው ንቅንቅ አይልም። ሁሉም የራሱን ትርጉም ይዞ ይመጣል፣ ያንኑ ይዞ ይሄዳል። እንደሚመስለኝ ችግሩ የዕውቀት ማነስ አይደለም። የምንፈልግበት ቦታ ነው። የቃሉን ትርጉም አንዳንዴ ጭንቅላታችን ውስጥ፣ አንዳንዴ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንፈልገዋለን። ትርጉሙ ያለው ግን ሰዎች ያንን ቃል ይዘው በሚሠሩት ሥራና በሚኖሩት ኑሮ ውስጥ ነው።

እዚህ የምጽፈው እንዴት ፈልጋችሁ እንደምታገኙት ነው። ለዚህ የፍልስፍና ዲግሪ አያስፈልግም። ሃዋሳ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። እዚህ ከተማ አማርኛ ትሰማላችሁ፣ ሲዳምኛ ትሰማላችሁ፣ ወላይትኛ ትሰማላችሁ። የቋንቋ አጥኚዎች የመጀመሪያውን ከሴማዊ፣ ሁለተኛውን ከኩሻዊ፣ ሦስተኛውን ከኦሞአዊ ይመድቡታል። ሦስቱም አንድ ገበያ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ባጃጅ ውስጥ ይገናኛሉ። ለዚህ ዓይነት ልምምድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው

ይሄን መንገድ ከማንም በላይ ያሳየን ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን ነው። በ1889 ቪየና ተወለደ፣ በ1951 ካምብሪጅ አረፈ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከናጠጠ ሀብታም ቤት የወጣ ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጋ፣ ተማረከ፣ ሲመለስ የውርስ ሀብቱን ለእህቶቹና ለወንድሙ አስረክቦ በኦስትሪያ ገጠር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆነ። ከ1920 እስከ 1926 የገበሬ ልጆች ሲያስተምር ነበር።

በ1921 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ቋንቋ የዓለምን ነገሮች እንደ ሥዕል ያሳያል የሚል ሐሳብ ነበረው። በ1929 ወደ ካምብሪጅ ሲመለስ ግን ያንን የራሱን ሐሳብ ማፍረስ ጀመረ። ወዳጆቹ የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። ፒዬሮ ስራፋ ከሚባል ጣሊያናዊ የኢኮኖሚ ምሁር ጋር እየተከራከረ ሳለ ስራፋ የጣቶቹን ጫፍ አገጩ ሥር አድርጎ ወደ ፊት ጠረግ አደረገ፤ ናፖሊ ውስጥ ሰዎች ንቀታቸውን የሚያሳዩበት ምልክት ነው። ከዚያ “የዚህስ ሎጂካዊ ቅርጽ (ከሚያሳየው ነገር ጋር የሚጋራው አወቃቀር) ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀው። ቪትገንሽታይን መልስ አልነበረውም።

እኛም ከዚህ የማይተናነስ አለን። አንድ ሰው “ሄደሃል እንዴ?” ሲባል አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ “እህ” ይላል። በቃ፣ አዎ ማለቱ ነው። ለአገሩ አዲስ የሆነ እንግዳ ግን ሰውየው የደነገጠ ወይም ያመመው ይመስለዋል። ያቺን ትንፋሽ የቱ መዝገበ ቃላት ውስጥ ታስገቧታላችሁ? ግን ትርጉም አላት፣ እሱም ማንንም የማያሻማ። የተማርናት እናቶቻችን እየተጨዋወቱ ሥራቸው ሆነን ስንሰማ ነው።

የቪትገንሽታይን ሁለተኛው ትልቅ መጽሐፍ የታተመው እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1953 ነው። እዚያ ውስጥ “የቋንቋ ጨዋታ” እና “የአኗኗር መልክ” የሚሉ ሁለት ሐሳቦች አሉ። ጨዋታ ሲል ቀልድ ማለቱ አይደለም። ቃልና ድርጊት አንድ ላይ ተሸምነው የሚሄዱበትን ነገር ማለቱ ነው፦ ማዘዝ፣ መቁጠር፣ ማመስገን፣ ሰላምታ መስጠት፣ መጸለይ። የአኗኗር መልክ ደግሞ እነዚህ ሁሉ የቆሙበት መሬት ነው። አሁን ወደ ሥራው።

ከትንሽ ቃል ጀምሩ

“ፍትሕ” ወይም “ማንነት” ላይ አትጀምሩ። ትልልቅ ቃላት ገና ስማቸው ሲጠራ ሰው ይሞቃል። ማንም የማይጣላበትን ቃል ያዙ።

ባጃጅ ውስጥ አንዱ “ወራጅ አለ” ይላል። ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ብታዩት ዜና ይመስላል፦ የሚወርድ ሰው መኖሩን የሚያወራ። ግን ሹፌሩ “እሺ፣ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ” ብሎ አይቀጥልም። ፍሬን ይይዛል። ሳንቲም ይወጣል፣ መልስ ይሰጣል፣ ሰው ይወርዳል። የቃሉ ትርጉም ይሄ ሁሉ ነው። “ኮንትራት ነው?” ስትባሉም ማንም ስለ ውል ሰነድ አያወራም። ባጃጁን ለብቻችሁ ይዛችሁ ልትሄዱ ነው ወይ፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይሁን ወይ ነው ጥያቄው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ይሄ ነው። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ምን ተንቀሳቀሰ? ማን ምን አደረገ? ቃሉ ባይባል ኖሮ ምን ይቆም ነበር? እነዚህን ጻፉ። ሌላ ነገር አትጻፉ።

ግንባታ ቦታ ቁሙ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ጊዜ ስጡ፣ ምክንያቱም ቪትገንሽታይን ራሱ መጽሐፉን ገና ሲጀምር የሚያመጣው ምሳሌ የግንበኛና የረዳቱ ነው። አራት ቃል ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች። ግንበኛው የድንጋዩን ዓይነት ይጠራል፣ ረዳቱ ያቀብላል። ቋንቋቸው በሙሉ ይሄው ነው።

ሃዋሳ ውስጥ ሕንፃ የማይሠራበት ሰፈር ፈልጋችሁ አታገኙም። አንዱ ጋ ጠዋት ቁሙ። ግንበኛው መወጣጫው ላይ ነው፣ የቀን ሠራተኛው ታች። “ብሎኬት!” ይላል ከላይ። ብሎኬት ይወጣል። “ቱምቢ!” ይላል። ልጁ ቱምቢውን ያቀብላል፣ ግንበኛው ክሩን ለቆ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ያያል። “ውሃ!” ሲል ልጁ የተቦካው ሲሚንቶ ላይ ውሃ ያፈስሳል። ምሳ ሰዓት ላይ ያው ግንበኛ በዚያው ድምፅ “ውሃ!” ሲል ግን ልጁ ጀሪካኑንና ኩባያውን ይዞ ይመጣል። ቃሉ አንድ፣ አፉ አንድ፣ የሚደረገው ግን ሌላ ነው፣ ልጁም ሁለቱን አያምታታም።

አሁን ልጁን እዩት። ምናልባት በቅርብ ከገጠር የመጣ ነው፣ አማርኛው ገና ነው። “ብሎኬት” የሚለውን ቃል የተማረው እንደ ስም አይደለም፣ እንደ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቀን አሸዋ ይዞ ሲወጣ ግንበኛው ራሱን ነቅንቆ በጣቱ አሳይቶታል። ሁለተኛው ቀን ላይ ልጁ ገና ሳይጠራ ያቀርባል። ማንም ቁጭ ብሎ ትርጉም አላስተማረውም። ግን ቃሉን ያውቃል፣ እንደ ግንበኛው አድርጎ ያውቃል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። “ትርጉም አጠቃቀም ነው” የሚለው የቪትገንሽታይን ሐሳብ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙ ማለት አይደለም። አሸዋ ያመጣው ልጅ ተሳስቷል። ሥራው ራሱ ስህተትና ልክን ይለያል።

ጣታችሁን አትመኑ

ብዙ ሰው ቃል የሚማርበት ዋናው መንገድ ማመልከት ይመስለዋል። ይሄ ምን ይባላል? ይሄ እንዲህ ይባላል። አለቀ።

ሃዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሂዱና ሞክሩት። ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን አንጠልጥሎ “ቆሮሶ” ይላችኋል። እንግዳ ብትሆኑ ምን ታውቃላችሁ? የዓሣው ዘር ይሁን፣ ትኩስነቱ ይሁን፣ መጠኑ ይሁን፣ ዋጋው ይሁን፣ ወይ ለእናንተ የወጣ ቅጽል ስም ይሁን፣ ጣቱ አይነግራችሁም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኩዋይን በ1960 ይሄንኑ ጥያቄ በጥንቸል ምሳሌ አንስቶ ብዙ ፈላስፎችን አስጨንቋል።

ገበያው ላይ ግን ማንም አይጨነቅም። ለምን? ልትገዙ ስለመጣችሁ ነው። አጠገቡ አምባዛ አለ፣ ሌላ ስም ይጠራለታል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። አንዱን ትመርጣላችሁ፣ ልጁ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሆድ ዕቃውን አባ ኮዳ ወደሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይወረውራል፣ ትከፍላላችሁ። ጣቱ ብቻውን ያልነገራችሁን ግዢው ነገራችሁ። መራብ፣ መብላት፣ መግዛት፣ መምረጥ አስቀድመን የምንጋራቸው ነገሮች ናቸው። ቃሉ የሚሰካው እነሱ ላይ ነው።

“እውነት ነው ወይስ ውሸት?” ከማለት በፊት

እዚያው ገበያ ቆዩ። “የመጨረሻ ስንት?” ትላላችሁ። “በእናቴ፣ ከስሬ ነው የምሰጥሽ” ይላል ሻጩ። ዋሸ?

ቶሎ አትፍረዱ። በዋጋ ክርክር መሀል “ከስሬ ነው” ማለት የሒሳብ ሪፖርት አይደለም። ከዚህ በታች አልወርድም ማለት ነው፣ እናንተም እንደዚያ ነው የምትሰሙት፣ ለዚህም ነው ገዥ ሁሉ ያንን ሰምቶ ትንሽ ቀንሶ የሚጠይቀው። ማታ ላይ ግን ያው ሰው ከሸሪኩ ጋር ገንዘብ ሲካፈሉ “ዛሬ ከስሬያለሁ” ካለና ኪሱ ውስጥ ትርፍ ካለ፣ ያ ውሸት ነው፣ ሽርክና የሚያፈርስ ውሸት። “በእናቴ” የሚለው ላይ ደግሞ የምንለያይ ይመስለኛል። እኔ መሐላ ሲገባበት ነገሩ ከዋጋ ክርክር ወጥቷል ባይ ነኝ። ሌላው ይሄም የገበያ ወግ ነው ይላል። ይሄ መከራከር የሚገባን ክርክር ነው፣ ቢያንስ ስለ ምን እንደምንከራከር እናውቃለን።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን በ1955 ሃርቫርድ ላይ በሰጣቸው ንግግሮች፣ ከሞተ በኋላ በ1962 በታተሙት፣ ብዙ ዐረፍተ ነገሮች ነገር የሚገልጹ ሳይሆን ነገር የሚያደርጉ መሆናቸውን አሳይቷል። “ቃል እገባለሁ” ስትሉ ስለ ቃል መግባት አታወሩም፣ ቃል መግባታችሁ ያኔውኑ ተፈጽሟል። እኛ ለዚህ ሩቅ መሄድ የለብንም፣ ሽምግልናን ማየት ይበቃል። ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ታናሹ “አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ” ይላል፣ ታላቁ “ይቅር ብያለሁ” ይላል፣ ተነስተው ይሳሳማሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፣ ቤቱ “አሜን” ይላል። ታላቁ ወንድም ያንኑ ቃል ስልክ ላይ እየተበሳጨ “እሺ በቃ ይቅር ብያለሁ” ብሎ ቢዘጋውስ? ቃሉ ያው ነው፣ የተደረገው ግን ያው አይደለም። ሲዳማዎች አፊኒ በሚሉት ሥርዓታቸው ሽማግሌዎች ጉዳዩን ተሰብስበው፣ እየተደማመጡ መክረው ነው ወደ ውሳኔ የሚሄዱት። እዚያም ቃል ብቻውን አይቆምም። ማን ተናገረው፣ ማን ሰማው፣ በየትኛው ተራ ተነገረ የሚለው አብሮ ይመዘናል።

ስለዚህ ዐረፍተ ነገር ሲያጠራጥራችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ይሄ ሰው አሁን ምን እያደረገ ነው? እያወራ ነው፣ እየጠየቀ ነው፣ እየማለደ ነው፣ እያስጠነቀቀ ነው? እውነትና ውሸት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጅ እንዴት ይማረዋል?

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ይሄ ጥያቄ ነው። ቃሉ ረቂቅ በሆነ ቁጥር የበለጠ ይጠቅማል።

ሕመምን ውሰዱ። ሰው ሁሉ “የኔን ሕመም እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው” ይላል። ከዚያ ተነስቶ ሕመም የሚለውም ቃል ለእያንዳንዳችን የግል ትርጉም አለው፣ አንዳችን የሌላውን በፍጹም አንረዳም ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል። አሳማኝ ይመስላል። አሁን ግን ውጡና ልጅ ሲወድቅ እዩ።

የሁለት ዓመት ልጅ አስፋልት ላይ ይደናቀፋል፣ ጉልበቱ ይላጣል። ከመጮኹ በፊት እናቱ “እኔን!” ትላለች። “እኔን ልጄን! የቱ ጋ ነው? እዚህ ጋ ነው? እፍፍ… አይዞህ፣ ዳነ።” መሬቱንም በእጇ መታ ታደርጋለች፣ ልጇን አደናቅፎብኛል ብላ። ልጁ ያለቅሳል፣ ይታቀፋል፣ ዝም ይላል። ይሄ ስንቴ ይደጋገማል። አንድ ቀን ልጁ ከማልቀስ ይልቅ ጉልበቱን ይዞ “አመመኝ” ይላል። ቃሉ የለቅሶው ቦታ ላይ ገባ። ቪትገንሽታይን የሚለን በትክክል ይሄንን ነው፦ ልጁ መጀመሪያ ውስጡን አይቶ ስም አልለጠፈበትም። ለቅሶ ነበረ፣ የእናት እጅ ነበረ፣ ማባበል ነበረ። ቃሉ ከነዚህ መሀል ነው ያደገው።

“እኔን!” የሚለውን ደግሞ ትንሽ አስቡት። ሌላ ሰው ወድቆ እኔ ልሁንልህ እንላለን። ማንም ሕመሙ ዘሎ ወደ እናትየው እንደማይገባ ያውቃል። ግን በዚያች ቅጽበት ያቺ ሴት ሌላ ሰው ታሞ ይሆን ወይስ አልታመመም ብላ አትጠራጠርም። ፈላስፋ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሊጠራጠር ይችላል። እጆቿ ግን ቀድመው ሮጠዋል። የሰው ስቃይ ሲታይ መሮጥ የሐሳብ ድምዳሜ አይደለም፣ ሐሳብ የሚነሳበት ቦታ ነው። ይሄ በአማርኛ ብቻ የሚሆን ነገርም አይደለም፣ በየቋንቋው እናቶች የሚሉት ቃል ይለያያል፣ ሩጫው ግን ያው ነው።

“ተስፋ”ን፣ “ሐዘን”ን፣ “ይሉኝታ”ን በዚሁ መንገድ ጠይቋቸው። ልጅ ይሄንን ቃል ምን ሲደረግ አይቶ ይማራል?

ማንም የማይጠይቀውን ፈልጉ

ይሄኛው አጭር ነው። “ጠዋት 2 ሰዓት እንገናኝ” ብትሉኝ የት እንደምሆን አውቃለሁ። በ2016 በተከፈተው የሃዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚሠራ ሰው ግን ይሄን ሲል ቆም ብሎ ያስባል፣ ምክንያቱም እነሱ 8 ሰዓት ነው የሚሉት። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። የትኛው ነው ልክ? ጥያቄው መልስ የለውም። እያንዳንዱ የራሱ ሰዎች የሚነሱበት፣ የሚበሉበትና የሚተኙበት ልማድ ውስጥ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ነገር በየቃሉ ሥር አለ። ምክንያት እየደረደራችሁ ወደ ታች ብትወርዱ አንድ ቦታ ላይ “በቃ እንዲህ ነው የምናደርገው” የምትሉበት ትደርሳላችሁ። የአኗኗር መልክ ማለት ይሄ ነው። ሰዎች እዚያ የሚስማሙት በአስተያየት አይደለም፣ በአኗኗር ነው። ለአስተያየት ድምፅ ይሰጣል፣ ይሄ ግን ድምፅ ተሰጥቶበት አያውቅም።

አሁን ትልቁን ቃል አምጡት

ወደ ክብር እንመለስ። አባት “ይሄ ልጅ ክብር አያውቅም” ይላል፣ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫው ስላልተነሳ። ልጁ “እኔ? ሆስፒታል ስትተኛ ሳምንቱን ሙሉ ያደርኩት እኔ አይደለሁም?” ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ይጎዳሉ።

ወረቀት አውጡ። “ክብር” የሚለውን ቃል ስታዩ ወይም ስትሰሙ በቤታችሁና በሰፈራችሁ ምን ምን እንደሚደረግ ጻፉ፣ አንድም ትርጓሜ ሳትጽፉ። ታላቅ ሲገባ “ኖር” ብሎ መነሳት። “እርስዎ” ማለት። እጅ ሲታጠብ ለታላቅ ማስቀደም። የሰው ንግግር አለማቋረጥ። ባለሱቋን “እትዬ” ብሎ መጥራት። የሰውን ገመና አለማውጣት። የታመመ ማስታመም። ባል ሚስቱን ሰው ፊት አለማዋረድ። ቀብር መድረስ። ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ይሄ ቢቀር ምን እንደሚሆን ጻፉ፦ ቅያሜ ነው፣ ተግሣጽ ነው፣ ወይስ ማንም አያስተውለውም?

ዝርዝሩ ሲያልቅ ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንደኛ፣ ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ ክር የለም። መነሳትና ገመና መሸፈን ምን ያገናኛቸዋል? ግን የአንድ ቤተሰብ ፊቶች እንደሚመሳሰሉት፣ አንዱ በአፍንጫ ሌላው በአካሄድ፣ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ይሄም የቪትገንሽታይን ሐሳብ ነው። ስለዚህ “እውነተኛው ክብር የቱ ነው?” የሚለው ጥያቄ መጀመሪያውኑ ወጥመድ ነበር። ሁለተኛ፣ አባትና ልጅ በአብዛኛው ዝርዝር ላይ ይስማማሉ! ልጁ ማስታመምን ያውቃል፣ አባትም ያንን ክብር ነው ይላል። የሚጣሉት አንድ መስመር ላይ ነው፦ እንግዳ ሲገባ መነሳት። አሁን ስለ እሱ ብቻ ተነጋገሩ። መነሳት ምን ያደርጋል? ለእንግዳው ምን ይላል? ልጁ በሌላ ነገር ሊተካው ይችላል? አባት ያንን ሌላ ነገር እንደ ክብር ሊያየው ይችላል?

ይሄ ስለ ትርጉም ከመጨቃጨቅ በጣም ይሻላል። ሁልጊዜ አያስታርቅም። አንዳንዴ ዝርዝሩ ሲጻፍ ልዩነቱ ካሰባችሁት በላይ ጥልቅ መሆኑ ይገለጣል፣ አንዱ የሚኖረውን ሌላው መኖር እንደማይፈልግ። እሱንም ማወቅ ጥሩ ነው፣ ያኔ መዝገበ ቃላት ማንሳት ትተዋላችሁ።

ከሌላ ቋንቋ ሰው ጋር

አሁን በጣም ወደማስብበት ነገር ደረስኩ። “የአኗኗር መልክ” የሚለውን ሐሳብ ይዘው ግድግዳ የሚሠሩበት ሰዎች አሉ። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ዓለም አለው፣ ቋንቋው የተዘጋ ነው፣ ውጭ ያለ ሰው ሊገባው አይችልም ይላሉ። ቪትገንሽታይን አንበሳ ቢናገር እንኳ አንረዳውም ማለቱንም ይጠቅሳሉ። ልክ ነው፣ ብሏል። ግን ስለ አንበሳ ነው ያለው። የጎረቤታችን ልጅ አንበሳ አይደለም። ያው ሰውዬ በሌላ ቦታ ላይ የማናውቀው ቋንቋ ያለበት አገር ብንገባ የምንተረጉመው በምን እንደሆነ ይነግረናል፦ የሰው ልጅ በሚጋራው አኗኗር። በዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ፣ ይሄን ሁለተኛውን ረስቶ የመጀመሪያውን ብቻ ማስተማር ጉዳት አለው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ለቅሶ ቤት ግቡ። ድንኳን ተጥሏል፣ ዕድርተኛው ተሰብስቧል። አንዷ በሲዳምኛ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ በአማርኛ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሦስተኛዋ የሁለቱንም ቃል አታውቅም፣ ግን አጠገባቸው ተቀምጣ ታነባለች። ማንም “ምን ማለታቸው ነው?” ብሎ አስተርጓሚ አይጠራም። ቃላቱን ያላወቀች ሴት ነገሩን ሳታውቅ ቀረች የሚል ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አያውቅም።

ፍቼ ጫምባላላም አለ፣ የሲዳማ የዘመን መለወጫ፣ በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ቀኑን ይናገራሉ፣ ሕዝቡ ጉዱማሌ ወደሚባለው የአደባባይ ሥፍራ ይወጣል። ያን ቀን ሲዳምኛ የማይናገረው የሃዋሳ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን “አይዴ ጫምባላላ!” ይለዋል። ቃል በቃል ፍታው ብትሉት ላይችል ይችላል። ግን መቼ እንደሚባል፣ ለማን እንደሚባል፣ በምን ፊት እንደሚባል፣ ሲባልለትም እንዴት እንደሚመልስ ያውቃል። ከሰዋስው በፊት የሚመጣው ዕውቀት ይሄ ነው።

ስለዚህ የጎረቤታችሁን ቋንቋ መማር ከፈለጋችሁ የቃላት ዝርዝር አትሸምድዱ። አንድ ሥራ ምረጡና አብራችሁ ሥሩ። ቡርሳሜ የሚባለው የሲዳማ የእንሰት ምግብ ሲዘጋጅ ገብታችሁ አግዙ፣ ገበያ አብራችሁ ውረዱ፣ ዕድር ውስጥ ድንኳን ስትተክሉ ገመዱን ያዙ። ያዝ፣ ሳብ፣ ልቀቅ፣ በቃ፣ ጨምር፣ ቀንስ፤ መጀመሪያ የሚመጡት እነዚህ ናቸው፣ አንዴ ከገቡም አይወጡም። ምርቃት፣ ስድብና ቀልድ ግን ለኋላ አቆዩ። እነሱ ጋ ለመድረስ ሰዎቹ በምን እንደሚያፍሩና በምን እንደሚኮሩ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ አብሮ መክረምን ይጠይቃል።

ሰው ስትጠይቁም “ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?” አትበሉ። ወዲያው ትርጓሜ ይፈጥሩላችኋል፣ ብዙ ጊዜም ከሚያደርጉት ጋር አይገናኝም። መቼ ነው የሚባለው? ማን ለማን ይለዋል? ሴት ለወንድ ትለዋለች? ልጅ ለአባቱ ይለዋል? ቢቀርስ ማን ይቀየማል? እንዲህ ጠይቁ። የሚመልሱላችሁ ሰዎች “ለምሳሌ ባለፈው እከሌ ሲመጣ…” ብለው ከጀመሩ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፣ አታቋርጡ፣ ታሪኩ እስኪያልቅ። “በአጠቃላይ ሲታይ…” ብለው ከጀመሩ ግን ቡና አስፈሉና መጨረሻ ጊዜ ቃሉን ለማን እንዳሉት ጠይቋቸው።